ሞኝነት ይመስገን

ዕድሜው 15 ዓመት ያለፈውን፣ መለዋወጫው ከገበያ የጠፋውን የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ፈትቶ ለማዳን እጅጌውን የሚሰበስብ ሰው በዘመኑ ሒሳብ ሞኝ ነው። ይህ የተፈረደ ነገር ነው፤ ይግባኝ አልጠይቅለትም። የምጽፈው ፍርዱን ለማስቀየር ሳይሆን ፍርደኛውን ለማመስገን ነው። ሞኝነቱን ተቀብዬ፣ በሞኝነቱ አመሰግነዋለሁ፤ ያውም አፌን ሞልቼ።

አስቀድሜ ብልሁ ምን እንደሚያደርግ ልናገር። እኔ በምኖርበት በሜሪላንድም ሆነ ከወንዝ ማዶ በቨርጂኒያ፣ ቤት የገዛም የተከራየም ሐበሻ ወጥ ቤቱ ውስጥ ከሲንኩ ጎን የተተከለ ዲሽዋሸር ያገኛል። አልመረጠውም፤ ቤቱ ሲሸጥ አብሮ የተሸጠ ነው። አንድ ቀን ማሽኑ ውኃውን አላስወጣ ይላል፤ ወይም ሰሐኑን ቀዝቃዛና ቅባታም እንደሆነ ይመልሰዋል። ብልሁ ስልክ ይደውላል። ባለሙያው ይመጣል፤ ለመምጣቱ ብቻ ይከፈለዋል፤ ከዚያም «ቦርዱ ነው፤ ቦርዱ ደግሞ ከምርት ወጥቷል። ከተረፈ ቦታ ቢገኝ እንኳ የአዲስ ማሽን ግማሽ ዋጋ ያወጣል» ይላል። በጥገናው ሙያ ሁሉም የሚያውቀው ደንብ አለ፦ ጥገናው የአዲሱን ዋጋ ግማሽ ከደረሰና ማሽኑ ዕድሜውን ካጋመሰ ጣለው። ብልሁ ይጥለዋል። አሮጌው በጭነት መኪና ይሄዳል፤ አዲሱ በዚያው መኪና ይመጣል፤ እራት ሳይደርስ ጉዳዩ ተዘጋ።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ የመደመር ስሕተት የለም። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ብልሁ የሚደምረው ፋብሪካው የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ እንጂ የተበላሸውን ነገር ዋጋ አይደለም። ፋብሪካው የሚሸጠው ቦርዱን ሙሉውን፣ ፓምፑን ከነመያዣው፣ የሰሐን መደርደሪያውን ከነጎማው ነው። የሚበላሸው ግን ብዙ ጊዜ ይህ ሁሉ አይደለም፤ አንዲት የጎማ ቀለበት፣ አንድ ካፓሲተር፣ የምስር ክክ የምታህል የስታኞ ነጥብ ናት። «መለዋወጫ የለም» ሲባል በአብዛኛው የጠፋው ፋብሪካው አንድ ላይ አሽጎ የሚሸጠው ጥቅል ነው፤ የተጎዳችው ትንሿ ነገር በየሱቁ አለች። ይህን የሚያውቀው ደግሞ የፈታው ብቻ ነው። ለመፍታት ደግሞ መጀመሪያ ሞኝ መሆን ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሒሳቡ አስቀድሞ አትፍታው ብሏል።

የዚህ ሞኝነት የዘር ሐረግ ቢቆጠር ማሽኑን ከፈጠረችው ሴት ይጀምራል። ጆሴፊን ኮክረን የኢሊኖይ ግዛት የሼልቢቪል ከተማ ነዋሪ ነበረች፤ ምሕንድስና አልተማረችም። ባሏ በ1883 እ.ኤ.አ. ሲሞት ዕዳ ትቶላት ሄደ። ከዚያ በፊት በእንጨት ሣጥን ውስጥ ውኃ በእጅ እያዞሩ ዕቃ የሚረጩ መሣሪያዎች ተሞክረዋል፤ የ1850ው የጆኤል ሆውተን ፈጠራ አንዱ ነው። እርሷ ግን ሰሐኑን፣ ስኒውንና የስኒ ማስቀመጫውን እየለካች በልካቸው የሽቦ ክፍሎች አዘጋጀች፤ ክፍሎቹን በተጋደመ ጎማ ዙሪያ አደረገች፤ ጎማውን የመዳብ ጋን ውስጥ አስገብታ ሙቅ የሳሙና ውኃ በግፊት እንዲረጭበት አደረገች። ከቤቷ ጀርባ ባለው መጋዘን አብሯት የደከመው ጆርጅ በተርስ የተባለ መካኒክ ነበር። ዲሴምበር 28 ቀን 1886 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቷን ቁጥር 355,139 ተብሎ ተቀበለች። በ1893ቱ የቺካጎ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ማሽኖቿ ሠርተው ታዩ፤ ተሸለሙም።

ማሽኖቿን የገዙት ግን ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ነበሩ። በጊዜው አብዛኛው መኖሪያ ቤት ማሽኑን የሚያጠግብ ሙቅ ውኃ አልነበረውም፤ የቤት እመቤቶችም ለዚህ ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት አልታያቸውም። ዲሽዋሸር በተራ ሰው ቤት የተለመደው እርሷ በ1913 ካረፈች ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1950ዎቹ ነው። ድርጅቷን በ1926 ሆባርት የተባለው ኩባንያ ገዝቶት ኪችንኤይድ በሚባለው ስም ሥር ገባ። እኔን የሚደንቀኝ የንግዱ ታሪክ አይደለም፤ የአሠራሩ ነው። ዛሬም ዲሽዋሸር በብሩሽ አይፈትግም። በልክ በተሠራ የሽቦ መደርደሪያ ላይ ሙቅ የሳሙና ውኃ በግፊት ይረጫል፤ በቃ። የ1886ቱን ሥዕል የተረዳ ሰው የዛሬውን ማሽን ሆድ ዕቃ ሲያይ ባይተዋር አይሆንም። ቁልፎቹና መብራቶቹ ያስፈራሉ እንጂ ውስጡ የቆየ ወዳጅ ነው።

ሞኙን ከማመሰግንበት ነገር የመጀመሪያው ይህ ነው፦ ያያል። ማየት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማወቅ የ2010ን ነገር ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ዓመት ጁላይ 1 ቀን ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን ጨምሮ 16 የአሜሪካ ግዛቶች በዲሽዋሸር ሳሙና ውስጥ የሚገባውን ፎስፌት ገደቡ፤ ፎስፎረሱ ከመቶ ግማሽ እጅ እንዳይበልጥ ተደነገገ። ምክንያቱ በቂ ነበር፤ ፎስፌት ወንዝና ሐይቅ ሲገባ አልጌ ያራባል፣ ውኃውን ኦክስጅን ያሳጣል፣ ዓሣ ይገድላል። ሳሙና አምራቾቹም ለየግዛቱ የተለያየ ሳሙና ከመሥራት ለአገሩ ሁሉ ቅመሙን ለወጡት። ከዚያ በኋላ ብርጭቆ ነጭ ዱቄት እየለበሰ፣ ሰሐን እየሻከረ መውጣት ጀመረ። ፎስፌት የውኃውን ካልሲየም ይዞ ያቆይ ነበር፤ እርሱ ሲቀር ካልሲየሙ ብርጭቆው ላይ ቀረ። ስንቱ ብልህ «ማሽኑ አረጀ» ብሎ አዲስ ገዛ! አዲሱም ማሽን ያንኑ ነጭ ዱቄት አመጣ። ሞኙ ግን ፓምፑን ሰማ፤ ደህና ይዞራል። የሚረጩትን ክንፎች አወጣ፤ ቀዳዳቸው ክፍት ነው። ውኃው ይሞቃል። እንግዲህ ማሽኑ ጤነኛ ከሆነ የተለወጠው ሌላ ነገር ነው ብሎ የሳሙናውን ካርቶን አነበበ። ሪንስ ኤይድ የሚባለውን ማጥሪያ ፈሳሽ ሞላ፤ ሳሙናውን ቀየረ፤ ብርጭቆው ጠራ።

ለማየት የት እንደሚታይ ማወቅ ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ። ከማሽኑ በር በታች፣ ወለሉ አጠገብ፣ በሁለት ወይም በአራት ብሎን የተያዘ ላመራ አለ። በካቻቪቴ ሲፈታ አቧራ፣ አንዳንዴም ከጠረጴዛ ሥር የጠፋ የልጅ መጫወቻ ይገኛል። በብዙዎቹ አሜሪካ ሠራሽ ማሽኖች ግን ከዚያ ላመራ ኋላ ሌላ ሀብት አለ፦ በላስቲክ ከረጢት የታጠፈ ወረቀት። ወረቀቱ ለጥገና ባለሙያ ተብሎ የተቀመጠ ነው። የሽቦው መስመር በሙሉ ተሥሎበታል፤ የትኛው ክፍል ስንት ኦም ማንበብ እንዳለበት ተጽፎበታል፤ ማሽኑ ራሱን እንዲመረምር የሚያደርጉት የቁልፍ አነካኮች ሳይቀሩ አሉበት። ማሽኑን ከነመድኃኒት ማዘዣው ነው ቤታችን ያስገቡት። ብልሁ አሥር ዓመት በላዩ ላይ ቆሞ ሰሐን ሲደረድር ይህን ወረቀት አያየውም። ሞኙ አቧራውን አራግፎ እንደ ደብዳቤ ያነበዋል።

ወረቀቱን ይዞ ያየ ሰው ማሽኑ ምን ያህል ጥቂት ነገር እንደሆነ ይገባዋል። ውኃ የምታስገባ በኤሌክትሪክ የምትከፈት ቫልቭ አለች፤ መግቢያዋ ላይ ያለችው ወንፊት በአሸዋና በዝገት ስትደፈን ማሽኑ የተጠማ ይመስላል። ውኃው ከልክ እንዳያልፍ የሚጠብቅ ተንሳፋፊ አለ። ብዙ ሰው ማሽኑ እስከ አፉ በውኃ የሚሞላ ይመስለዋል፤ ውኃው ግን ከታች ጥቂት ተኝቶ ያው ራሱ ውኃ እየተመላለሰ ነው የሚረጨው። የሚረጨው ዲናሞ፣ ቆሻሻውን የሚያስወጣው ትንሽ ፓምፕ፣ ውኃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ፣ ሙቀቱን የሚለካው ቴርሞስታት፣ የሳሙናው ክዳን፣ የበሩ መቆለፊያ፣ እነዚህን በየተራ የሚያዘው ቦርድ ወይም በቆዩት ማሽኖች ላይ ታይመር። አለቀ። በእኛ ቤት ደግሞ የብልሽቱ ምንጭ ብዙ ጊዜ ከዚህ ሁሉ በፊት ነው፤ ከድስቱ ያልተጠረገ ቅቤ ቱቦው ውስጥ ረግቶ፣ የሎሚ ፍሬ ከሚረጨው ክንፍ ቀዳዳ ተሰክቶ ይገኛል። የበርበሬው ቀይ ቅባት ነጩን ፕላስቲክ ማቅለሙ ግን ብልሽት አይደለም፤ ለእርሱ ሲባል የተጣለ ማሽን ካለ በጣም ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ቦርዱ ልምጣ፤ ስታኞዋን በዓይኔ ያየኋት እዚያ ነውና። ማሽኔ ሰሐኑን ቀዝቃዛ እያወጣ ተቸገርኩ፤ የመጣው ባለሙያም ያንኑ «ከምርት ወጥቷል» የሚለውን ቃል ሰጥቶኝ ሄደ። በአካባቢያችን ላለን ሐበሾች ሁሉ ጋሼ የሆኑ፣ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሉ። ደወልኩላቸው።

«ቦርዱ ከምርት ወጥቷል አሉኝ፣ ጋሼ።»

«ከምርት ወጣ እንጂ ተቃጠለ አሉህ?»

«እሱንስ አላሉኝም።»

«ታዲያ አውጣውና እንየው፣ ልጄ። ከማየታችን በፊት ለምን እናለቅሳለን?»

ቤቴ መጥተው ብሬከሩን አጠፉ፤ አጥፍተውም አላመኑ፣ በቴስተር ሞተ አልሞተ ብለው አረጋገጡ። ከዚያ ሬዚስታንሱን ከሽቦው ለይተው ለኩት። በ120 ቮልት የሚሠራ የዲሽዋሸር ሬዚስታንስ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 ኦም ባለው መሐል ያነባል፤ ተበጥሶ ከሆነ ቴስተሩ ምንም አያሳይም። ደህና ነበር። «ማሞቂያው ጤነኛ ነው፤ ምግብ የሚያቀብለው ነው የጠፋ» አሉ። የበሩን የውስጥ ላመራ ባለኮከብ አፍ ብሎኖቹን ፈተን አነሣነው፤ ቦርዱን ከፕላስቲክ ቤቱ አውጥተው ገለበጡትና የንባብ መነጽራቸውን በመነጽር ላይ ደረቡ።

«ና እይ» አሉኝ።

ማሞቂያውን ከሚያበራውና ከሚያጠፋው ሪሌ እግሮች በአንዱ ዙሪያ ቦርዱ ቡናማ ሆኗል። መሐል ላይ፣ እግሩን ከብቦ፣ ፀጉር የምትቀጥን ጥቁር ክብ ስንጥቅ አለች። የማሞቂያው ኤሌክትሪክ በሙሉ የሚያልፈው በዚያች ነጥብ ነው። በየእጥበቱ ትሞቃለች፣ ትበርዳለች፤ ብረቱና ስታኞው የሚለጠጡበት መጠን እኩል ስላልሆነ ከዓመታት በኋላ ትሰነጠቃለች። ስትሰነጠቅ ኤሌክትሪኩ ጠባብ መንገድ ያገኛል፤ ጠባቡ መንገድ ይበልጥ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ስንጥቁን ያሰፋዋል። ጋሼ አሮጌውን ስታኞ አቅልጠው መጠጡት፤ እግሩን በአልኮል አጠቡት፤ አዲስ ስታኞ አወፍረው አፈሰሱበት፤ በመዳቡ መስመር ላይም ወፈር ያለ ሽቦ ደርበው በየዱት። የስታኞው ዋጋ ሳንቲም አይሞላም። በዚያች ቦታ ምክንያት ሊጣል የነበረው የማይዝግ ብረት ገንዳ፣ ጤነኛ ዲናሞ፣ ጤነኛ ፓምፕ፣ የመዳብ ሽቦና ሁለት ሙሉ መደርደሪያ ነው። ያ ማሽን ዛሬም ሙቅ ሰሐን ያወጣል።

ከቦርዱ ወዲያም ቢሆን የሞኙ የፍለጋ ጥበብ መንገድ አለው። ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ስም የሠሪው ስም ላይሆን እንደሚችል ያውቃል። ሲርስ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ መደብር ኬንሞር በሚል ስም ዘመኑን ሙሉ ዲሽዋሸር ሲሸጥ አንዱንም በራሱ አልሠራውም። የሞዴሉ ቁጥር በ665 ከጀመረ የሠራው ዊርልፑል ነው፤ በ587 ከጀመረ ፍሪጂዴር። ቁጥሩን ማንበብ የቻለ ሰው በኬንሞር ስም ያጣውን ዕቃ በወንድሙ ስም ያገኘዋል። ቆሻሻ ውኃ የምታስወጣዋ ትንሽ ፓምፕ ደግሞ ከዚህም በላይ ዘመድ ብዙ ናት። አስኮል የሚባል የጣሊያን ድርጅት የሠራቸው እንዲህ ያሉ ፓምፖች በብዙ ስም በሚሸጡ የዕቃና የልብስ ማጠቢያዎች ውስጥ ይገኛሉ። ካፓሲተር የፋብሪካ ስም የለውም ማለት ይቻላል፤ ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም በላይ፣ ዓይነቱም ለሞተር የተሠራ ከሆነ ይበቃል። ኩሽኔታ ደግሞ ዓለም የተስማማበት ቁጥር አለው፤ 6203 የተጻፈበት የትም ቢሠራ ውስጡ 17፣ ውጪው 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ክብ የጎማ ጓርኒሲዮን በካሊፐር ተለክቶ ከቧንቧ ዕቃ ሱቅ ይገዛል፤ ሙቀትና ሳሙና የሚችል ጎማ መሆኑን ጠይቆ መውሰድ ነው። የመደርደሪያው የተሰበረች መንኰራኵርም በባለሦስት ገጽታ ማተሚያ (3D ፕሪንተር) ትወጣለች፤ በአንዳንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይህ ማተሚያ ለማንም ክፍት ነው።

ይህን ጥበብ እኛ ከማንም መማር አልነበረብንም። አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ የገባ ሰው በርሜል ምድጃ ሲሆን፣ ያለቀ የመኪና ጎማ ጫማ ሲሆን አይቷል። እዚያ ማንም «ኦሪጅናሉ ከምርት ወጥቷል» ተብሎ ወደ ቤቱ አይመለስም። ይለካል፣ ይቀጠቀጣል፣ ይበየዳል፣ ይገጠማል። ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሚሰበስበው ነገር ሁሉ እዚያ ሁለተኛ ሕይወት ያገኛል። እዚያ አድገው እዚህ ሲደርሱ ለአንዲት ጓርኒሲዮን ሙሉ ማሽን የሚጥሉ ወገኖቼን ሳይ ውስጤ ይቃጠላል። ድህነት ያስተማረን ነው ብለው ያፍሩበታል። ድህነት ብቻ አልነበረም፤ ነገሩን የሚያውቅ እጅም ነበር። እጁን ከድህነቱ ጋር አብሮ መጣል ምን የሚሉት ሀብት ነው?

ከእኛ ውጪም ሞኞች አሉ፤ ተደራጅተዋልም። ማርቲነ ፖስትማ የተባለች የኔዘርላንድስ ጋዜጠኛ በ2009 አምስተርዳም ውስጥ የመጀመሪያውን የጥገና ካፌ ከፈተች። ሰው የተሰበረ ዕቃውን ይዞ ይመጣል፣ የሚያውቅ ሰው አብሮት ቁጭ ብሎ ይፈታዋል፣ ቡናም ይጠጣል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ2000 በላይ እንዲህ ያሉ ቦታዎች አሉ። ዲሽዋሸር ተሸክሞ መሄድ ባይቻልም ቦርዱን በከረጢት ይዞ መሄድ ይቻላል።

ምስጋናዬ ግን ድንበር አለው። ከ1994 በፊት የተሠራ ማሽን ለአንድ እጥበት ከ38 ሊትር በላይ ውኃ ሊጨርስ ይችላል፤ ከ2013 ወዲህ የአሜሪካ ሕግ ለተለመደው መጠን ዲሽዋሸር የሚፈቅደው ወደ 19 ሊትር ነው። ያን ያህል የቆየውን ማሽን እኔም በክብር እሸኘዋለሁ። የአሥርና የአሥራ አምስት ዓመቱ ግን ከአዲሱ ጋር ያለው ልዩነት አዲስ ገንዳ ለመቅረጽና ባሕር አሻግሮ ለማምጣት የሚከፈለውን አይመልስልኝም። ሁለተኛው ድንበር ሕይወት ነው። ውኃና ኤሌክትሪክ አንድ ሣጥን ውስጥ ናቸው። ብሬከር ሳይጠፋና በመለኪያ ሳይረጋገጥ እጅ አይገባም። የበሩን ማብሪያ ወይም የሙቀት ፊውዙን በሽቦ ዘሎ ማሠራት የሚመሰገን ሞኝነት አይደለም፤ ቤት ያቃጥላል። ቦርዱም ቡናማ ከመሆን አልፎ ከሰል ከሆነ ስታኞ አያድነውም፤ ከሰል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና።

ሕግ አውጪዎቹም ቢሆኑ ወደ ሞኙ ቀረብ እያሉ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከማርች 1 ቀን 2021 ጀምሮ ዲሽዋሸር የሚሸጥ አምራች የመጨረሻውን ማሽን ገበያ ላይ ካዋለ በኋላ ዲናሞ፣ ፓምፕ፣ ማሞቂያ፣ ቦርድና የመሳሰሉትን ለባለሙያዎች 7 ዓመት የማቅረብ ግዴታ አለበት። የበር ማጠፊያና ጓርኒሲዮን፣ የሚረጩ ክንፎች፣ ማጣሪያና መደርደሪያ ደግሞ ለተራው ሰው ጭምር 10 ዓመት ይቀርባሉ፤ የታዘዘው በ15 የሥራ ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። ኅብረቱ በ2024 ያወጣው መመሪያ፣ አባል አገሮች ከጁላይ 31 ቀን 2026 ጀምሮ የሚሠሩበት፣ አምራቹ ያገለገለ ወይም በባለሦስት ገጽታ ማተሚያ የተሠራ መለዋወጫ የሚጠቀመውን ጠጋኝ እንዳያደናቅፍ ይላል። የሞኙ ዘዴ ሕግ ገባ ማለት ነው፤ ይህን ሳነብ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በአሜሪካም የካሊፎርኒያ ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ፣ አምራቹን 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሚያወጣ ዕቃ ምርቱ ካቆመ በኋላ ለ7 ዓመት መለዋወጫና የጥገና መረጃ እንዲያቀርብ ያስገድዳል።

ነገር ግን የካሊፎርኒያው ሕግ የሚጀምረው ከጁላይ 2021 ወዲህ ከተሠሩ ዕቃዎች ነው፤ የአውሮፓው የመለዋወጫ ግዴታም ወደ ኋላ አይቆጥርም። ዛሬ በየወጥ ቤታችን ውስጥ እያረጁ ያሉት፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት፣ ሕግ የሌላቸው ማሽኖች ናቸው። አምራቹ ረስቷቸዋል፤ ሕጉም አልደረሰላቸውም። ቀሪው ጠባቂያቸው ሒሳብ የማይገባው ያ ሰው ነው።

ስለ ራሳችን ቤት አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ እናቶቻችን ዲሽዋሸሩን አያምኑትም፤ ዕቃ በእጅ ካልታጠበ አይጠራም ብለው ማሽኑን የትሪና የድስት ክዳን ማስቀመጫ አድርገውታል። እትዬዎቼን አልከራከርም፤ ነገር ግን የማይሠራ ማሽን አያርፍም። ከታች ያለው ውኃ ሲደርቅ የፓምፑ ጓርኒሲዮን ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ከዘንጉ ጋር ይጣበቃል። ከዓመት በኋላ ሲበራ ዲናሞው ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም፤ ወይም ወለሉን ያረጥበዋል። መለዋወጫ ለሌለው ማሽን ከሁሉ የሚብሰው ይህ ነው። በወር አንድ ሁለት ጊዜ ባዶውንም ቢሆን በሙቅ ውኃ ማሠራት ጓርኒሲዮኑን ያቆየዋል።

በመጨረሻ መዳን የማይችል ማሽን ይኖራል፤ ገንዳው የተበሳ፣ ቦርዱ ከሰል የሆነ። እርሱን ለጭነት መኪናው ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ከሰዓት ስጡት። የምታስወጣዋን ፓምፕ፣ የውኃ ቫልቯን፣ ካፓሲተሩን፣ ማሞቂያውን፣ የሚረጩትን ክንፎች፣ መንኰራኵሮቹን፣ የበሩን መቆለፊያ ፍቱና ካርቶን ውስጥ አስቀምጡ። ከላመራው ኋላ ያለውን ወረቀት አብራችሁ አኑሩ። በበሩ ጠርዝ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር በደማቁ ካርቶኑ ላይ ጻፉ። ከዚያ በየዕድሩና በየማኅበሩ አስነግሩ፤ ያን ቁጥር ሲፈልግ የከረመ ሞኝ ሁለት ሰፈር አልፎ አለ።